ካሴቱ ያለቀበት

ሰኞ ጠዋት ለአሥረኛ ክፍሎች የድርሰት አጻጻፍ እያስተማርኩ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። አንደኛው በጨዋ ድምፅ፣ «መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ እንፈልግሃለን» አለኝ። ያቺ አምስት ደቂቃ ሰባት ወር ፈጀች። ጠመኔውን ማስቀመጥ ረስቼ ይዤው ወጣሁ። ቤቴ ወስደውኝ ፍራሼን ገለበጡና ከሥሩ ሦስት ደብተሮች አወጡ፤ አራት ዓመት የጻፍኩት ልብ ወለድ ነበር። ሌላ ዕቃ አልነኩም። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰዓት ከራሴ ይልቅ ያሳሰቡኝ ደብተሮቹ ናቸው። ቅጂ አልነበራቸውም።

ጊዜው ሰማንያዎቹ ሊያልቁ የቀረቡበት ነው። ደርግ ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው መናገር ይቻላል ሲባል ሰምቶ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚቻል ግን በየራሱ እየሞከረ የሚያይበት ጊዜ ነበር። እኔ የሞከርኩት በመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ነው። አሁን ሳስባት ጥያቄዋ ይህን ያህል የምታሳስር አልነበረችም።

ያስገቡኝ ቤት ከሲቀላ ሰፈር ወጣ ብሎ የሚገኝ የድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር። በአርባ ምንጭ ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ግድግዳው አይነካም። ጥጡ ከተወሰደ ቆይቷል፣ ብናኙ ግን አልወጣም፤ በየስንጥቁ ተወትፎ ቀርቷል፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ይነሳና አፍንጫ ውስጥ ይገባል። በምዕራብ በኩል ባለው ቆርቆሮ ላይ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ነበረች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፀሐይ በእሷ ሾልካ፣ ብናኙን አቋርጣ፣ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ብርሃን ታሳርፋለች።

እኔ የገባሁት በዚያው ሰዓት ነው። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን የመለሰልኝ የለም። አንድ ቀጭን ሰው ከብርሃኗ ጎን ቆሞ እያወራ ነበር። ወደ እኔ ዞር አለና፣ «መምህር፣ ቦታ ያዝ፤ ጀምሯል» አለኝ።

አወቅኩት። ገበያው አጠገብ ያለው የቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ነው።

ያን ጊዜ ላልነበራችሁ ልንገራችሁ። ቪዲዮ ቤት ማለት አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻ ዴክ፣ አግዳሚ ወንበሮችና ጥቁር መጋረጃ ነው። ፊልሙ የህንድ ነው፣ ካልሆነ የካራቴ። ተርጓሚው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ሰዎቹ የሚሉትን በአማርኛ ይናገራል፣ ሲመቸው ጋሞኛ ጣል ያደርግበታል። ይህ ሰው ህንድኛ አይችልም፤ እንግሊዝኛውም ከተማሪዎቼ አይሻልም ነበር። ግን ሰው የሚመጣው እሱን ሊሰማ ነው።

ሥራውን ያስተማሩት ሁለት ችግሮች ናቸው። አንደኛው መብራት ነው። ፊልሙ መሃል ላይ መብራት ይሄዳል፣ ሰው ያጉረመርማል፣ እሱ እዚያው ጨለማው ውስጥ ቆሞ የቀረውን በአፉ ይጨርስላቸዋል። ሁለተኛው ካሴቶቹ ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ተቀድተው ስለሆነ ፊልሙ ከካሴቱ ይረዝማል። አክተሩ፣ ማለትም ዋናው ሰውዬ፣ ሽጉጡን ሲመዝ ካሴቱ ያልቃል። እንዴት እንዳለቀ እሱም አያውቅ፣ እኛም አናውቅ፤ ስለዚህ መጨረሻውን ራሱ ይሠራዋል። ያንኑ ፊልም እሁድ ያየ ሰው ሐሙስ ተመልሶ ቢመጣ ሌላ መጨረሻ ይጠብቀዋል።

የታሰረውም በዚሁ ሥራው ነው። አንድ የህንድ ፊልም ላይ የወንበዴዎች አለቃ ሰዎቹን ሰብስቦ ይቆጣል። ተርጓሚው ምን እያለ እንደሆነ አያውቅም፣ ስለዚህ ግምገማ አስቀመጣቸው። አለቃውን፣ «ባለፈው ዘረፋ ላይ የታየብንን ድክመት እንገምግም» አስባለው። አንዱ ወንበዴ አንገቱን ሲደፋ፣ «ሂሴን ውጫለሁ» አስባለው። ከተማው ውስጥ በግምገማ ያልተቀቀለ የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረምና ሰው ከወንበር ወደቀ። እኔም ከኋላ፣ ተማሪ እንዳያየኝ ባርኔጣ ደፍቼ፣ እንባዬ እስኪወርድ ስቄያለሁ። በሦስተኛው ቀን ወሰዱት።

መጋዘኑ ውስጥም ሥራውን አልተወም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ብርሃኗ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ተነስቶ ይቆማል። ሲናገር የቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት አየር ላይ ይዞራል፤ መብራት ሲጠፋ ካሴት በጣት የማጠንጠን ልማዱ ነው፣ የጣቱ ጫፍ ጠጥሮ ነበር። የዘለለው ነገር ትዝ ካለው፣ «ቆይ፣ ወደ ኋላ ላጠንጥን» ይልና ጣቱን ወደ ግራ ያዞራል። እኛም እንጠብቀዋለን።

አጠገቤ የሚተኙት የኦቾሎ መንደር ሸማኔ ነበሩ፤ አባባ እንላቸዋለን። ቤታቸው አንድ እንግዳ አድሮ ነበር። ማን እንደሆነ ተናገሩ ሲባሉ «እንግዳ ነው» አሉ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ምርመራ የጨመሩት ቃል የለም። አማርኛቸው ጥቂት ናት፣ «ሴትዮዋ መጣ» ሲሉ ማንም አያርማቸውም። ቀኑን ሙሉ ከስንጥቁ የጥጥ ብናኝ እየለቀሙ በጣታቸው ይፈትላሉ። መፍተል በእሳቸው አገር የሴት ሥራ ነውና ሰው ሲያያቸው ያፍራሉ፤ ክሩን ከጋቢያቸው ሥር ይደብቁታል። ቤተሰባቸው ከኦቾሎ ድረስ ኩርኩፋ ይልክላቸው ነበር፣ ያቺን የሃለኮ፣ ማለትም የሽፈራው፣ ቅጠል የገባባትን የበቆሎ ድብልብል፤ ለሁላችንም ያካፍሉናል።

እኔ ያኔ ኩሩ ነበርኩ። የቪዲዮ ቤት ወሬ ለእኔ አይመጥንም ብዬ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ጆሮዬ ግን ከእነሱ ጋር ነው። አንድ ቀን ብናኙ ጉሮሮውን ዘጋውና ተርጓሚው፣ «ዛሬ መምህር ያጫውተን» አለ። ተነስቼ የልብ ወለዴን የመጀመሪያ ምዕራፍ በቃሌ ተናገርኩ፤ ሁለት ወንድማማቾች ወንዝ ዳር ቆመው ስለ ቤተሰባቸውና ስለ ሀገር ዕጣ የሚነጋገሩበትን። ስጨርስ አባባ ተኝተዋል። ሌሎቹ ጥፍራቸውን ያያሉ። ዓይኑን ያልነቀለው ተርጓሚው ብቻ ነበር።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«የመጀመሪያውን ምዕራፍ።»

«አትቆጣም?»

«ለምን እቆጣለሁ?»

«መጥፎ ፊልም ነው፣ መምህር።»

ተቆጣሁ እንጂ። አንተ ደግሞ ስለ ድርሰት ምን ታውቃለህ አልኩት፤ ከዚህም የከፋ ተናገርኩ። አስጨረሰኝና ቀጠለ።

«ሰዎችህ የሚያውቁትን ይነጋገራሉ። ‹እንደምታውቀው አባታችን ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው› ይለዋል ወንድሙን። ወንድሙ የአባቱን ሞት አያውቅም እንዴ? ለእኔ ነው የሚነግረኝ፣ ወንበር ላይ ለተቀመጥኩት። ጥሩ ፊልም ላይ ሰው እኔን አያየኝም።»

«ቋንቋውን ሳትችል ጥሩውን ከመጥፎው በምን ትለየዋለህ?»

«ባለመቻሌ ነዋ! እጃቸውን አያለሁ። ሴትዮዋ ጎመን እየከተፈች ልጇ ሞተ ብለው ነገሯት እንበል። መጥፎ ፊልም ከሆነ ቢላዋውን ትጥላለች፣ ትጮኻለች፣ ዝናብ ይመጣል፣ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። አንድ ፊልም ላይ ግን ሴትዮዋ መክተፏን ቀጠለች። ጎመኑ አልቆ ባዶ ጣውላ ትከትፋለች። ያን ቀን ምንም አልተረጎምኩም። ቤቱ በሙሉ አለቀሰ።»

አባባ ነቅተው ኖሯል። «ወንበዴውስ?» አሉ።

«መጥፎ ፊልም ላይ ወንበዴ ብቻውን ይስቃል፣ አባባ። ጥሩው ላይ ጉንፋን ይይዘዋል።»

በማግስቱ ቁጭ ብዬ የልብ ወለዴን ሰዎች አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። በሦስት ደብተር ውስጥ አንዳቸውም እጅ አልነበራቸውም። አፍ ብቻ ነበሩ። እንዲያው በጣም ነው ያፈርኩት፤ ቀስ ብዬ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ አስተማሪዬ ሆነ። ጠዋት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሥራ ይሰጠኛል። ዘበኛው በሩን ሲከፍት ምን አደረገ? ተናደደ እንዳትለኝ፤ ቁልፉን እንዴት እንደያዘ ንገረኝ ይለኛል። እነግረዋለሁ። «ገና ነው» ይላል። ሁለት ወር ገደማ እንዲህ ሠራን። አንድ ጠዋት አባባ ክራቸውን ሲደብቁ ያየሁትን ነገርኩትና፣ «እንግዲህ አሁን ፊልም ሆነ» አለኝ። ኋላ መጻሕፍቴ ሲታተሙ ብዙ ደግ ነገር ተብሎልኛል፤ እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

መርማሪው የጠራኝ በዚያ ሳምንት ነው።

ክፍሉ ከመጋዘኑ ማዶ ነበር፣ ማራገቢያ አለው። ጠረጴዛው ላይ ሦስቱ ደብተሮቼና አንድ ዘለላ ሙዝ ተቀምጧል። ሰውየው በመሀረብ አፍንጫውን እየጠረገ ነበር። እኔ ልሙት፣ ጉንፋን ይዞት ነበር።

«መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ሙዝ ይብሉ» አለኝ። አንቱ ነበር የሚለኝ፤ ከስድብ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው። «ደብተርዎን ጨረስኩት። ጥሩ ነው፤ ትንሽ ንግግር ይበዛዋል እንጂ።»

እውነቱን ነበር።

«ያ የቪዲዮ ቤት ሰው» አለ፣ «ስምንተኛ ክፍል እንኳ አልጨረሰም። እንዲህ ያለ ነገር ከእሱ ጭንቅላት አይወጣም። ከጀርባው ሰዎች አሉ። ወደ እርስዎም መጥቶ ጻፍልኝ ብሎዎታል፣ እርስዎ እምቢ ብለውታል። እኔ የሚመስለኝ እንዲህ ነው።» በታይፕ የተመታ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ።

አነበብኩት። ሁሉም ሰው በሰዓቱ ይመጣል፣ ሁሉም ስሙን ተናግሮ ይገባል። ተርጓሚው ቤቴ መጥቶ፣ «እንደምታውቀው ዓላማችን ሕዝቡን ማነሳሳት ነው» አለኝ ይላል። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣችው ቃል እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች። ሐሰት ነው አላልኩም። «እንዲህ የሚናገር ሰው የለም» ነው ያልኩት። ያስከፋኝ አጻጻፉ ነበር!

መርማሪው ፈገግ አለ። «ታዲያ እንዴት ይናገራል? ደራሲው እርስዎ ነዎት። በራስዎ ቃል ይጻፉትና ደብተርዎን ይዘው ቤትዎ ይግቡ።» ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አስጠጋልኝ።

እዚህ ላይ፣ ታሪኩ ገና ሳያልቅ፣ አንድ ነገር ላስፍር፤ ለምን እዚህ እንዳሰፈርኩት ኋላ ይገባችኋል። ያ ሰው ምንም አላጠፋም። ማንም አልጻፈለትም፣ ማንም ከጀርባው አልነበረም፤ ያን ሁሉ ሰው ያሳቀው ራሱ ብቻውን ነው። ቤቴ መጥቶ አያውቅም። እኔ በዚያ ወረቀት ላይ የጻፍኩት ሁሉ ሐሰት ነው።

ጻፍኩ። እስክሪብቶ ከያዝኩ ወራት አልፈው ነበር፣ እጄ ተርቧል። ለራሴ የነገርኩት፣ እስቲ እንዴት እንደሚጻፍ ላሳየው ብቻ፣ አልፈርምም የሚል ነበር። ሰውየውን አመሻሽ ላይ ቤቴ አመጣሁት። ወንበር ስሰጠው አልተቀመጠም አልኩ። ዓላማ የሚባል ቃል አላስነገርኩትም፤ በስብሰባ ላይ አለቆች ሲቆጡ ምን ምን እንደሚሉ ብቻ ጠየቀኝ፣ ሲጠይቀኝም የቀኝ ጣቱ አየር ላይ እየዞረ ነበር ብዬ ጻፍኩ። እምቢ ስለው ጣቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ወጣ። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። የመጀመሪያው ገጽ ሲሞላ መርማሪው እንደ ደንቡ ጎኑ ላይ አስፈረመኝ። በጽሑፉ ተይዤ ነበርና ቀና ሳልል ፈረምኩ። እስከዚያ ቀን በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጥ ነገር ነበር።

መርማሪው ወረቀቱን አንስቶ ሲያነብ አፍንጫውን መጥረጉን ተወ። «ይህ ጣቱ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እውነትም እንዲህ ያደርጋል። እኔም አይቼዋለሁ።»

አመነኝ። የራሱ ወረቀት ሐሰት መሆኑን ያውቅ ነበር፣ የእኔን ግን አመነ። ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። «እዚህ ታች ደግሞ ይፈርሙ» ሲለኝ እስክሪብቶውን ተቀብዬ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ «ከላይ ያለው ልብ ወለድ ነው፣ ፈጣሪውም እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አነበበው። አልጮኸም፣ አልመታኝም። ሁለቱንም ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ከተተና፣ «ሙዝዎን አልበሉም» አለኝ።

ወደ መጋዘኑ የተመለስኩት ደረቴን ነፍቼ ነው። አክተር የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ተርጓሚውን ጥግ ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት፣ አንዳች ሳላስቀር።

«ልብ ወለድ ነው ያልከው የት ላይ ነው?» አለ።

«መጨረሻው ላይ። ሁለተኛው ገጽ ግርጌ።»

«የመጀመሪያው ላይስ ፈርመሃል?»

«ጎኑ ላይ።»

መሬት መሬቱን አየ። «እኔ ስንት ካሴት አይቻለሁ፣ መምህር። መጨረሻ ይቆረጣል። መሃሉ ላይ ነበር መጻፍ የነበረብህ፤ መሃል የገባ ነገር ከወጣ ፊልሙ ይበላሻል፣ ስለዚህ አይነኩትም። አሁን ሁለተኛዋን ወረቀት ብቻ ይጥሏታል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጣቴንም ጻፍከው?»

«ጻፍኩት።»

ቀኝ እጁን አንስቶ አየው፣ ከዚያ ብብቱ ሥር አስገባው። ቢሰድበኝ በወደድኩ። አልሰደበኝም፣ ፊቱንም አላዞረብኝም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደ ወትሮው ተነስቶ ከብርሃኗ ጎን ቆመ። እጁን ግን ከብብቱ አላወጣውም።

ያን ቀን የተናገረው ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ወንድሙ ወንዙን ተሻግሮ ሳይመለስ ቀርቷል። ቀዛፊው ሰው አሻግሮ ሲጨርስ፣ በየቀኑ፣ ባዶ ጀልባ ይዞ አንድ ጊዜ ወደ ማዶ ይሄድና ይመለሳል። ለምን እንደሚሄድ ለማንም አይናገርም። አንድ ቀን ወንዙ መሃል ሲደርስ ማዶ ዳር ላይ የቆመ ሰው አየ። ተርጓሚው እዚህ ጋ አቆመ። «ካሴቱ እዚህ አለቀ» አለ፣ «የቀረውን ነገ።» አባባ ቅር አላቸው፤ ጉሮሮውን አሞት ይሆናል አልን።

በማግስቱ ጠዋት የመጋዘኑን በር ከውስጥ አንኳኳሁ። እዚያ ቤት በር የሚያንኳኳ ሰው የለም፤ ሁሉም እንዳይጠራ ነው የሚጸልየው። ዘበኛው ከፍቶ፣ «ምን ሆንክ?» አለኝ።

«መርማሪው ጋ ውሰደኝ። የማስተካክለው ነገር አለ።»

እንደ ታመመ ሰው አየኝ። «ምዕራብ ዓባያ ሄዷል። ዛሬ የለም» ብሎ ዘጋው። እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ቆርቆሮው ጀርባዬን ሲያቃጥለኝ እንኳ አልተነሳሁም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሌላ ዘበኛ ከፈተና ተርጓሚውን በስሙ ጠራው። «ዕቃህን ይዘህ ውጣ።»

ይህችን ቃል የታሰረ ሰው ያውቃታል። ወደ ቤት የሚሄድም የሚጠራው በእሷ ነው፣ ወደማይታወቅ ቦታ የሚወሰድም በእሷ ነው። «ዕቃ የለኝም» አለ ተርጓሚው። አባባ ከጋቢያቸው ሥር የክራቸውን ልቃቂት አወጡ፣ የዚያን ሁሉ ወር ሥራቸውን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሳያፍሩ። «ባዶ እጅ አይወጣም» አሉና መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። በግራ እጁ ተቀበላቸው። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«መምህር፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ» አለኝ። ከዚያ ወጣ፤ ሁለተኛ አላየሁትም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብርሃኗ ግድግዳው ላይ አረፈች። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረ። የሚቆም አልነበረም። እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ። አባባ፣ «መምህር፣ መብራት ሄዷል» አሉኝ።

በቪዲዮ ቤት ቋንቋ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ተነስቼ ከብርሃኗ ጎን ቆምኩ። ዳር ላይ የቆመው ወንድሙ ነው ማለት እችል ነበር፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይተኛ ነበር። ከአፌ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ ቀዛፊው ሲቀዝፍ ብቻ ነገርኳቸው። መቅዘፊያውን እንዴት እንደያዘ፣ መዳፉ እንዴት እንደተላጠ፣ ውኃው ወደ ታች ሲወስደው እንዴት እንደተመለሰ፣ ማዶ ያለውን ሰው ፊት ለመለየት ዓይኑን እንዴት እንዳጠበበ። ብርሃኗ ግድግዳውን ወጥታ እስክትጠፋ ድረስ ተናገርኩ።

«ደረሰ?» አሉ አባባ።

«ገና ነው፣ አባባ። እየቀዘፈ ነው።»

«ይሁን» አሉ። ማንም አላጉረመረመም።

መርማሪው ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሰና አስጠራኝ። ጉንፋኑ ለቆት ነበር። ወረቀቴን መልስልኝ አልኩት። «ፋይሉ ሄዷል» አለኝ።

«ሁለቱም ወረቀት?»

ቀና ብሎ ማራገቢያውን አየ። ሌላ ወረቀት ስጠኝ አልኩት፤ ምን እንደምጽፍ ለማየት ይሁን አላውቅም፣ ሰጠኝ። «ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ ስለ እሱ የጻፍኩት ሐሰት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ያንኑ ደገምኩት። ከዚያም ሥር ደገምኩት። አስተማሪ ሳለሁ ያጠፋ ተማሪ የምቀጣው እንዲህ ነበር። የፊቱን ገጽ ሞላሁ፣ ገልብጬ ጀርባውን ሞላሁ፣ በየመስመሩ ዳር ፈረምኩ። ከየትም ቢቆርጡት ያው ዓረፍተ ነገር ነው። መርማሪው አንብቦ፣ «ይሄኛው አያምርም» አለ።

«አያምርም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ቆየሁ። ስፈታ ስለ ደብተሮቹ አልጠየቅኩም። ያቺ ወረቀትም ፋይሉ ላይ ትድረስ አትድረስ አላውቅም።

ዛሬ ደራሲ ይሉኛል። አንባቢ ሲያገኘኝ፣ የሰዎችህን እጅ እንዴት አድርገህ ነው የምታየው ይለኛል፤ እኔም ርዕስ እለውጣለሁ። አርባ ምንጭ በሄድኩ ቁጥር ገበያው አጠገብ አልፋለሁ። ቪዲዮ ቤቱ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ስለ እሱ ጠይቄ አንዱ አገሩ ገረሴ ገብቷል አለኝ፣ ሌላው ሞያሌ አይቼዋለሁ አለ፣ አንድ ሽማግሌ ግን ጥያቄዬን ሰምተው ዝም አሉ። ገረሴ ድረስ በገበያ ቀን ሄጄ ነበር። ሙሉ ቀን ቆሜ ከሰው ፊት ይልቅ የሰው እጅ ሳይ ዋልኩ። እስከ አሁንም የሚያወራ ሰው ጣቱን አየር ላይ ካዞረ፣ የትም ልሁን፣ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ።

ይህን ትዝታ ጽፌ ለአርታኢዬ ሰጠሁት። ወዶታል፤ አንድ ነገር ብቻ ቅር አለው። መሃል ላይ፣ መርማሪው ወረቀት ሲሰጠኝና እኔ መጻፍ ስጀምር፣ ድንገት የገባችው አንቀጽ የታሪኩን ፍሰት ትሰብራለች፣ እናውጣት አለኝ።

«ትስበረው» አልኩት። «መቁረጥ ካለብህ ከዚህ ከመጨረሻው ቁረጥ።»